ዝናብ ነጋሪው ጉልበት

ጥር 3

ይድረስ ለአክስትዬ፣ ለእናቴም ለአባቴም ምትክ ለሆንሽው፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ጥጥሽ፣ መርፌሽ፣ ዶሮዎችሽ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ስልክ ላይ «ትሰሚኛለሽ? እሰማሻለሁ!» እየተባባልን ጊዜው ስለሚያልቅ ይሄኛው ወሬ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ደግሞ ባንቺ አጯጯህ ሰፈሩ ሁሉ ካንቺ ቀድሞ ይሰማዋል።

መጀመሪያ ተቀመጪ። ተቀመጥሽ? ላገባ ነው!

እኔ አሁንም ያው ሆቴል ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነኝ። አንሶላ ይመጣል፣ አንሶላ ይሄዳል። መስኮት የሚባል ነገር የለንም፤ ሰማይ የማየው ስገባና ስወጣ ነው። ባንቺ እጅ ያደገች ልጅ ግን ያለ ሰማይም አታጣም። ጣሪያው ላይ የሚያልፈው የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ከወትሮው በላይ ካላበው በማግስቱ ዝናብ ነው። አለቃዬ መጀመሪያ ሳቀብኝ። አሁን «እንዴት አደርሽ» ማለቱን ትቶ «ቧንቧው ምን አለ?» ነው የሚለኝ።

ሰውዬው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከሥራ ወደ ቤት የሚወስደኝ አውቶቡስ። እንውጣ ባለኝ የመጀመሪያ ቀን፣ ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው የደጃፌን ግድግዳ ሲወጡ አየሁ። ያስተማርሽኝ ትዝ አለኝና ትልቁን ጥቁር ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ምን ልበልሽ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል! አንዲት ጠብታ የለችም። ለካ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ጉድጓዳቸው ላይ ሳሙና ደፍታባቸው ነው የተሰደዱት። ሾፌሩ ሲስቅ ሲስቅ ቆየና ጃንጥላውን ከእጄ ወስዶ ዘረጋው፤ ቀኑን ሙሉ ለፀሐይ ያዘልኝ። ያኔ ነው ያለቀልኝ አክስትዬ።

ሰርጉ ነሐሴ መጨረሻ ነው። ትንሽ ሰርግ ነው፤ እኛው ቤት። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ያንን ጉልበትሽን አሁኑኑ ሐኪም ይየው። ከመሰላል ከወደቅሽ ጀምሮ ስንት ጊዜ ለመንኩሽ! እስከዚያው ወደ አገር ቤት ከምትመጣ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቅባት ልኬልሻለሁ። ጠዋትና ማታ እሺው። አንቺ ካልመጣሽ ሰርግ የለም፤ ይሄንን ፈርሜ ነው የምነግርሽ።

ልጅሽ ድንቢጥ


ጥር 24

ይድረስ ለድንቢጤ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ፤ ክፉ አይንካሽ፤ የምትረግጪው ይለምልም። እኔ ደህና ነኝ። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ጥጡም ደርቆልኛል።

ተቀመጪ ብለሽኝ ተቀምጬ ነበር። «ላገባ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ጉልበቴን ረስቼ ብድግ አልኩና «እሰይ!» ስል፣ ጉልበቴ ቀጭ ብሎ መልሶ አስቀመጠኝ። ጎረቤታችን አጣቢዋ ጩኸቴን ሰምታ፣ ወደቀች ብላ፣ የሳሙና አረፋ እስከ ክርኗ እንደያዘች ስትሮጥ መጣች። ነገርኳት። ተቃቅፈን ስናለቅስ እኔም በአረፋ ታጠብኩልሽ። ልጄ፣ ትዳራችሁ በደንብ እንደተነደፈ ጥጥ ይሁን፤ የሚቆረቁር አይገኝበት። ይሄ የፍራሽ ሰፊ ምርቃት ነው፤ ከዚህ በላይ አላውቅም።

ግን ምን ነካሽ? የማታውቂያቸውን የሰው አገር ጉንዳኖች ታምኛለሽ? ጉንዳን ብቻ እይ ብዬ መቼ አስተማርኩሽ! ጉንዳን ብቻውን ወሬኛ ነው። ጉንዳን አይተሽ ወፍ ትጠይቂያለሽ፣ ወፍ አይተሽ ጭስ ትጠይቂያለሽ። ጭራቸው መቀስ የሚመስል ወፎች መሬት ለመሬት ከበረሩ፣ የዳቦ ቤቱ ጭስ ሽቅብ መውጣት አቅቶት ጣሪያ ላይ ከተኛ፣ የጨው ዕቃሽ ውስጡ ከረጠበ፣ ያን ጊዜ ጃንጥላ ያዢ። ለማንኛውም ጉንዳኖቹ ባል አምጥተውልሻልና አልጣላቸውም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉልበቴ አለ። ባለፈው ሰኞ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል። እኔ ደጄ ላይ ጥጥ ስነድፍ ጉልበቴን ውስጥ ለውስጥ ነከሰኝ። በአጥሩ በኩል ለጡብ ሠሪው «ሸፍን!» አልኩት። ታውቂያለሽ፣ ያልተቃጠለ ጡብ ግቢው ሙሉ ደርድሮ ፀሐይ ሲያሞቅ ነው የሚውለው፤ አንድ ዝናብ ካገኘው ተመልሶ ጭቃ ነው። ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳይከራከር ሸፈነ። መንገደኛው ሁሉ በፀሐይ ጡብ የሚያለብስ ሰው አይተን አናውቅም ብሎ ሳቀ። ከምሳ በኋላ ወረደልሽ፤ ያውም በረዶ የቀላቀለ! አሁን ሰፈሩ ስሜን ትቶ «እትዬ ደመና» ነው የሚለኝ። አጣቢዋ አንሶላ ከማስጣቷ በፊት፣ ድንኳን አከራዩ ድንኳን ከመትከሉ በፊት፣ እኔን ሳይጠይቁ አይውሉም።

ስለ መምጣቱ እናያለን። ነሐሴ ገና ነው። ስለ ሐኪሙም እናያለን። ቅባቱ ደርሶኛል፣ ሽታው ደስ ይላል። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ለጡብ ሠሪው ወፍራም ሸራ ላኪለት፤ ያለው ተበጣጥሶ አልቋል።

አክስትሽ


የካቲት 8

ይድረስ ለእትዬ ደመና፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ደመናሽም ይብዛ። ደብዳቤሽን ለሾፌሩ አንብቤለት «ጉንዳን ብቻውን ወሬኛ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ መሪ እንደያዘ ሳቀ፤ ተሳፋሪ ተቆጣን።

ግን አክስትዬ፣ «እናያለን» ምን ማለት ነው? አንቺ «እናያለን» ስትዪ አይታይም፤ ልጅ ሆኜ ጫማ ስለምንሽም «እናያለን» ነበር የምትዪኝ። ስለ ጡብ፣ ስለ አንሶላ፣ ስለ ድንኳን ሦስት ገጽ ጽፈሽ እኔ ስለጠየቅኩሽ ነገር አንድ መስመር። ቅባቱን እየተቀባሽ ነው? ሐኪም ቤት የምትሄጂው መቼ ነው? በነዚህ ሁለቱ ላይ ብቻ መልሺልኝ።

ሸራ የሚያመጣ ሰው እየፈለግኩ ነው።

ድንቢጥ


መጋቢት 2

ይድረስ ለድንቢጤ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ሰው ፊት መቆም አቅቶኝ ሰንብቻለሁ። ለመልሱ የዘገየሁትም ለዚህ ነው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ቅባቱን ተቀባሁ። ጠዋትና ማታ እሺው አልሽኝ፤ አሸሁት። ወይ ጉድ! ምን ዓይነት ቅባት ነው የላክሽልኝ! በሳምንቱ ጉልበቴ ጭጭ አለ። ያለ ሕመም ተኛሁ፣ ያለ ማቃሰት ተነሳሁ። ከደስታዬ ብዛት ለምን ዝም እንዳለ ማሰብ እንኳ ትቼ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጡብ ሠሪው በአጥሩ በኩል «እትዬ፣ ዛሬስ?» አለኝ። ጉልበቴን አዳመጥኩ። ጸጥ! «ዘርጋ፣ ብራ ነው» አልኩት። አጣቢዋም የሆቴል ቤቱን አንሶላ ሁሉ ዘረጋች። እኔም በልቤ ተማምኜ የሙሽራ ፍራሽ ጥጥ ግቢ ውስጥ በተንኩ። ወፉን አላየሁ፣ ጭሱን አላየሁ። ሁልጊዜ ጉልበቴ ስለሚነግረኝ ቀና ብሎ ማየት ከተውኩ ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልጻፍልሽ! ያ ሁሉ ጡብ ግቢው ላይ ቀልጦ እንደ ገንፎ ተኛ። አንሶላው ጭቃ ላይ ወደቀ። ጥጤ አጥር ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ ዶሮዎቹ ላይ ተለጥፎ ሰፈሩ የጥጥ ማሳ መሰለ። ጡብ ሠሪው ጭቃው መሃል ቆሞ በእጁ እየዛቀ ያየው ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አጣቢዋ ናት የቅባቱን ነገር ያወጣችው፤ ሸትቷት ነው። «ምንድን ነው ይሄ እንደ ከረሜላ የሚሸተው?» ብላ ያዘችኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ ቁጣው ሁሉ ቅባቱ ላይ ሆነ። ጡብ ሠሪው ቱቦውን ወስዶ ጭቃው ውስጥ ቀበረው።

አሁን ቅባት መቀባት ትቻለሁ፤ ጉልበቴም ተመልሶ ሥራ ጀምሯል። ሐኪም ቤቱንማ አታንሺብኝ። ቅባት እንዲህ ያደረገውን ቢላ ምን ሊያደርገው ነው? ጉልበቴ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሰፈር ንብረት ነው። ሰርግሽን በፎቶግራፍ አያለሁ። ፎቶውን ትልቅ አርገሽ ላኪልኝ።

አክስትሽ

ከታች የምታነቢው የጡብ ሠሪው ነው፤ አስገድዶኝ ነው።

እህቴ ሆይ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ባልሽም የተባረከ ይሁን። ግን እባክሽ፣ በእህት አንጀትሽ፣ ሁለተኛ ቅባት አትላኪ። ሸራው ግን ደህና ሐሳብ ነው። ጡብ ሠሪው ነኝ።


መጋቢት 14

ይድረስ ለአክስቴ፤

ሰላም ብያለሁ። ዛሬ ምርቃትም ቀልድም የለም፤ ደብዳቤሽ ትላንት ደርሶኝ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብዬ አነበብኩትና አለቃዬ «ቧንቧው ነው ወይስ አንቺ ነሽ ያላበሽው?» አለኝ።

ለጡብ ሠሪው ንገሪልኝ፤ ስለ ጡቡ ከልቤ አዝኛለሁ። ሸራም እልካለሁ፤ ግቢውን እስከ ጣሪያው የሚሸፍን ሸራ። ግን ያንቺ ጉልበት የሱ ጣሪያ አይደለም! አጣቢዋም ራሷ ሰማይ ቀና ብላ ማየት ትችላለች። እነሱ እንዳይረጥቡ አንቺ እድሜ ልክሽን በሥቃይ ልትቀመጪ ነው?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ባንቺ ላይ ጉልበትም ይጨመርበት።

አሁን ስሚኝ። በሾፌሩ ወገን እናቱ አለች፣ ሦስት እህቶቹ አሉ፣ አጎቶቹ አሉ፣ ስማቸውን እስካሁን ያላጠናኋቸው ዘመዶች አሉ። ቤቱ በነሱ ይሞላል። በእኔ ወገን ማን ይቆማል? አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽኝ። ፎቶ ትልቅ አርጌ የምልክልሽ አይደለሁም። እንድትቆሚልኝ ነው የምፈልገው። እንድትጨፍሪልኝ ነው የምፈልገው፤ ልጅ ሆኜ ፍራሽ ሰፍተሽ ስትጨርሺ ላዩ ላይ ወጥተን እንደምንጨፍረው።

እምቢ ካልሽ እምቢ በይ። ግን ጡብ ሠሪውን ሰበብ አታድርጊ፤ እምቢታው የሱ ነው ብትዪኝ አልቀበልሽም።

ድንቢጥ


ሚያዝያ 20

ይድረስ ለድንቢጤ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለሾፌሩም፣ ስማቸው ላልተጠና ዘመዶቹም ሁሉ።

ከወር በላይ ዝም አልኩሽ። እንዳልጽፍ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም። ደብዳቤሽን ከፍራሽ ሥር አድርጌ ተኛሁበት፤ ቆረቆረኝ። ጥጥ ውስጥ ጠጠር ሲገባ እንደሚቆረቁረው ነው። ስለዚህ አውጥቼ ልንገርሽ።

ጡብ ሠሪው ምክንያቴ አይደለም። እውነት ነው፣ አስገድዶ ጻፈልሽ፤ ግን እኔ ነኝ ወረቀቱን የሰጠሁት። ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት።

አንቺ የሄድሽ ጊዜ ቤቱ እንዴት ዝም እንዳለ አታውቂም። ፍራሽ የሚያሰፋ ሰው ደግሞ ድሮ ነበር፤ አሁን ሁሉም ስፖንጅ ይገዛል። ከጠዋት እስከ ማታ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። ከመሰላል ወደቅኩ፤ ጉልበቴ ዝናብ መናገር ጀመረ። በሬ ተንኳኳ። «እትዬ፣ ዛሬስ?» ይላሉ። ቆመው ያወራሉ። አንዱ ስኳር ጨርሼ ነው ይላል፣ አንዱ ልጄ ታሟል ይላል። ድንኳን አከራዩ ሰርግ ሁሉ እኔን ሳይጠይቅ አይዝም። ታዲያ ይሄ ጉልበት ዝም ቢል በሬን ማን ያንኳኳዋል? አሮጊት ፍራሽ ሰፊ ማን ይፈልጋል? ፈርቼ ነው ልጄ። ሌላ ምንም አይደለም። ፈርቼ ነው።

ይሄው ነገርኩሽ። አሁን ቀለል አለኝ። ሸራውን እንደፈለግሽ አድርጊው።

አክስትሽ


ሚያዝያ 30

ይድረስ ለአክስትዬ፣ ለነፍሴ፤

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ነው የምጽፍልሽ፤ ካፖርቴን እንኳ አላወለቅኩም። እንዲህ ማለት አቅቶሽ ነው ስንት ወር ስለ ጡብ ያስነበብሽኝ? አይ አክስትዬ! ሳቅኩም አለቀስኩም፤ ሾፌሩ የትኛው ላይ እንደሚያጽናናኝ ጠፋው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ልጅ ሆኜ ጉልበትሽ ደህና ነበር፤ ዝናብም አይናገርም ነበር። ያኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ማን ነበር የምሮጠው? ወደ አየር ጠባይ ነው? ሰው በር የሚያንኳኳው ሰበብ ስላለው አይደለም፤ ማንኳኳት ስለፈለገ ሰበብ ይፈልጋል። ስኳር የጨረሰው ሰውዬ ስለ ደመና ሊጠይቅ ነው የመጣው?

ካላመንሽኝ እኔን ተዪኝ፤ እነሱን ጠይቂያቸው። ጡብ ሠሪውን በአጥሩ በኩል ጥሪውና ለእኔ የነገርሽኝን ለሱ ንገሪው። እንዲህ እንደጻፍሽው፣ ሳትቀንሺ። የሚለውን ጻፊልኝ። «እትዬ፣ እንግዲያው ቅሪ» ካለሽ እኔም እቀበላለሁ፤ ሁለተኛ ስለ ጉልበት አላነሳብሽም።

ግን አይልም።

ድንቢጥሽ


ግንቦት 26

ይድረስ ለድንቢጤ፣ አዋቂ ነኝ ባይዋ፤

እንደምን አለሽ? እኔ አልጋ ላይ ነኝ፤ አትደንግጪ፣ ወዲያው ይገባሻል።

እንዳልሽኝ በአጥሩ በኩል ጠራሁት። ቃል በቃል ነገርኩት። ዓይኔን ጡቡ ላይ አድርጌ። ምን አለ መሰለሽ? «እትዬ፣ ለዚህ ነው እንዴ እያነከስሽ የከረምሽው?» አለ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «እኔ ደግሞ ጉልበትሽ ከተሻለው ቤት ዘግተሽ ወደ ልጅሽ ጠቅልለሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነው ያንን የጻፍኩት። ጡቡንማ ሠላሳ ዓመት ሳጣ ኖሬያለሁ፤ ለምጄዋለሁ» አለኝ። ሁለታችንም አጥሩን ይዘን ቆምን። በኋላ አጣቢዋ መጥታ «ምን ሆናችሁ፣ ሰው ሞተ?» ስትል ነው የሳቅነው።

ከዚያ ማን ያስቆማቸው! የሐኪም ቀጠሮዬን ድንኳን አከራዩ ሄዶ ያዘ። በቀጠሮዬ ቀን ታክሲ ልጥራ ስል ጡብ ሠሪው የጡብ ጋሪውን አጥቦ፣ እኔው የሰፋሁትን ፍራሽ አንጥፎበት ደጄ ላይ አቆመው። እሱ ይጎትታል፣ አጣቢዋ ከኋላ ትገፋለች፣ እኔ እንደ ሙሽራ መሃል ላይ ተንፈላስሻለሁ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየን። «ወዴት ነው?» የሚለንን ሁሉ ጡብ ሠሪው «ራዲዮ ልናሠራ!» ይለዋል።

ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ጺሙ ገና እየበቀለ ነው። ፎቶ ካነሳው በኋላ ያን ጊዜ ስወድቅ የተቀደደ ነገር ውስጥ እንዳለ፣ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ እንደሚጠርገው ነገረኝ። «ዶክተር፣ ዝናብ የሚነግረውን ቦታ መተው አይቻልም? ትንሽ እንኳ?» አልኩት። ነርሷ ፊቷን አዞረች። እሱ ግን ደህና ልጅ ነው፣ ሳይስቅ «እናቴ፣ ያንን ቦታ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያሳዩ አላውቅም» አለኝ። ተሠራ። በማግስቱ በጋሪው ተመለስኩ።

ጉልበቴ እንግዲህ ዲዳ ሆኗል። ቤቱ ግን! እንዲህ ያለ ጫጫታ አይቼም አላውቅ። ተራ ተከፋፍለዋል። ጡብ ሠሪው ጉንዳን፣ አጣቢዋ ወፍ፣ ድንኳን አከራዩ ደግሞ ጨረቃ ይጠብቃል፤ ክብ ሠርታ እንደሆነ እያየ። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ዳር ይሰበሰቡና ያዩትን ይነግሩኛል፤ እኔ እፈርዳለሁ። «ጉንዳኖቹ ተረጋግተዋል።» «ወፎቹ ግን ዝቅ ብለዋል።» «ያንቺ ወፎች ሰነፎች ስለሆኑ ነው!» ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ቁርሴን ይበሉብኛል። እስካሁን አንድም ቀን ልክ አልሆንንም። ብራ ስንል ይዘንባል፣ ይዘንባል ስንል ፀሐዩ ያቃጥላል። ማንም ግን መምጣቱን አላቋረጠም።

ሸራው ደርሷል፤ ጡብ ሠሪው እንደ ልጅ ነው የተደሰተው። አሁን ለእኔ የሚሆን ጫማ ላኪልኝ። ለመቀመጫ አይደለም፤ ለመሄጃ የሚሆን።

አክስትሽ


ሰኔ 7

ይድረስ ለአክስትዬ፣ በጋሪ ለተሞሸርሽው፤

እልፍ ሰላም! ደብዳቤሽን ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የጋሪው ቦታ ላይ ስደርስ ማሽን ያጠፉ ሰዎች አሉ፤ በደንብ እንዲሰሙ። «ራዲዮ ልናሠራ» አሁን እኛም ጋ ተለምዷል፤ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

ጡብ ሠሪውን ሳሚልኝ። ተቆጥቼው ነበር፤ ይቅር ብዬዋለሁ። እሱም ልክ እንዳንቺ ፈርቶ ነው የከረመው፤ እንዴት ተገጣጠማችሁ!

ጫማውን ዛሬ ገዛሁ። ሾፌሩ ነው የመረጠው፤ «ሶሉ ደረጃ የሚይዝ ይሁን» ብሎ ባለ ሱቁን አደከመው። ሌላም ነገር አድርጓል። በየፎቁ ያሉትን ጎረቤቶች በር እያንኳኳ የሰርጉ ቀን ደረጃው ላይ አንድ አንድ ወንበር እንዲያወጡ ለምኗል፤ አንቺ ስትወጪ እንድታርፊ። ሁሉም እሺ አሉ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ «ሻይም እናፈላላት» ብለዋል። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ እስክትደርሺ ሰርጉ ሊያልቅ ይችላል።

ወረቀትሽን ጨርሰሻል? ፓስፖርቱስ ወጣ? ነሐሴ ገና አይደለም አክስትዬ፣ ደርሷል። ከእንግዲህ ስለ ወፍ አልሰማም፣ ስለ ጨረቃ አልሰማም። ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? በአንድ ቃል።

ድንቢጥሽ


ሰኔ 25

ይድረስ ለድንቢጤ፣ ለልቤ፤

እንዴት ነሽ ልጄ? ደስታ ቤትሽን ይሙላው። ልብሴ ገና ይንጠባጠባል፤ ይሄንን ሳልጽፍልሽ ግን አልቀይርም አልኩ። አጣቢዋ «ብርድ ይመታሻል» እያለች በር ላይ ቆማ ትጨቀጭቀኛለች። ወረቀቱም ረጥቧል፤ ገሚሱ ከፀጉሬ ነው፣ ገሚሱ ከዓይኔ ነው፤ አልዋሽሽም።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዳቸው አልጋዬ ዳር ተሰብስበው ነበር፤ እኔ ከአልጋ ከወረድኩ ብዙ ቀን ቢሆነኝም እነሱ ቦታውን አልለቀቁም። ጉንዳን ተረጋግቷል። ወፍ ከፍ ብሏል። ጨረቃ ትላንት ጥርት ያለች ነበረች። የዳቦ ቤቱ ጭስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ አራቱም ተስማሙ! «ብራ ነው» ብዬ ፈረድኩ። ጡብ ሠሪው ያለ የሌለ ጡቡን ዘረጋ። እኔም አዲሱን ጫማ አድርጌ፣ ያለ ዱላ፣ ያለ ጋሪ፣ ያለ ማንም፣ ፓስፖርቴን ልቀበል በእግሬ ሄድኩ።

ተሰጠኝ። ፎቶዬ ላይ እንደ ሌባ ነው የምመስለው፣ ግን የእኔ ነው። ከደረቴ ወሽቄ ተመለስኩ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ሱቅ አየሁ፣ ሰው ሰላም አልኩ፣ ያለ ሐሳብ፣ ዝም ብዬ እየተራመድኩ። የኔ እናት፣ ያለ ሐሳብ መራመድ እንዴት ያምራል!

ጥግ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። ቀና አልኩ። ሁለተኛ ጠብ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ወረደልሽ! ባልዲ የደፉብኝ ያህል ነው። ቆሜ ቀረሁ። ድንቢጤ፣ ስንት ዓመት ዝናብ ሳይነግረኝ መጥቶብኝ አያውቅም! ሁልጊዜ ቀድሞ ጉልበቴን ነክሶ፣ አንገላትቶኝ ነው የሚመጣው። ዛሬ እንደ ማንኛውም ሰው፣ እንደማታውቅ ልጅ፣ ድንገት ያዘኝ። ፓስፖርቱ ትዝ አለኝ። ይረጥባል! ሰበሰብኩት፣ ቀሚሴን ያዝኩ፣ ሮጥኩ።

ሮጥኩ ነው የምልሽ። ፈጠን ብዬ ተራመድኩ አይደለም። ሮጥኩ! ኩሬውን ዘለልኩት። እየጮህኩ ነበር መሰለኝ፤ የምለውን አላውቅም።

በጡብ ሠሪው ግቢ በኩል ሳልፍ ሸራውን በሁለት እጁ ወጥሮ ወደ ጡቡ ሊያለብስ ሲል አየኝ። እዚያው ደርቆ ቀረ። «እትዬ ደመና ሮጠች!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ውጡ! ሮጠች!» ሰው ከየቤቱ ወጣ። እሱ ሸራውን እንደያዘ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ጡቡ ከኋላው ጭቃ ይሆናል። «ጡብህ!» ስለው «ሌላ ይሠራል፣ አንቺ ሩጪ!» አለኝ።

«ግን ማን ነገረሽ ሊዘንብ እንደሆነ?» አለ።

«ማንም!» አልኩት እየሮጥኩ። «ማንም አልነገረኝም!»

በአንድ ቃል ብለሻል። እመጣለሁ።

አክስትሽ